ከሻሼ ጉሮሮ ያወጣሁት

ይህን ነገር መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፤ ቀጥሎ ለባለቤቴ። ለላሟ ባለቤት ለመንገር ግን ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ የምጽፈው የመድኃኒት ሳጥን ሞተር ላይ ጭነው በውድቅት ሌሊት የሰው በር ለሚያንኳኩ፣ ከእኔ በኋላ ለመጡ ልጆች ነው። ያደረግሁትን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ገጠር ውስጥ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ "ዶክተር" ይባላል። እኔም "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" ብዬ አንድ ቀን አርሜ አላውቅም። መጠሪያው ይጣፍጣል፤ ሲደጋገም ደግሞ የተጠራውም ሰው ያምነዋል። ዶክተር ባዶ እጁን አይመጣም፣ ዶክተር "ቆይ፣ ረስቼ ነው" ብሎ አይመለስም የሚል ኩራት ልቤ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ከመንግሥት ክሊኒክ ለቅቄ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ከፍተን ነበር። ቦለስ ለአካባቢው ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለትል የሚሰጠውን ትልቁን ክኒን ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራዋል። እኛ ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። አንዱ መዳብ፣ ኮባልትና ሴሊኒየም ያለበት፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ለወራት ቀስ እያለ የሚሟሟ ነው። ሌላው ለወለደች ላም የሚሰጥ የካልሲየም ቦለስ ነው፤ አንዱ ወደ 200 ግራም ይመዝናል፤ 40 ግራም ገደማው ካልሲየም ነው። እጅ ላይ ሲያዝ እንደ ወፍራም ሻማ ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ፍቅር ይዞኝ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካኝ የኮባልት ታሪክ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ጠረፍ በጎች ሣር በሞላበት ሜዳ ላይ እየከሱ ያልቁ ነበር። አፈሩ ኮባልት አንሶታል፤ ሣሩም እንዲሁ። በበጓ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ያለ ኮባልት ቫይታሚን ቢ12 መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ በጓ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የዚያ አገር ተመራማሪዎች ኮባልት ኦክሳይድን ከነጭ የሸክላ አፈር ጋር ጋግረው ከባድ ጠጠር ሠሩና በጎቹን አስዋጡ፤ ውጤቱንም በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጠጠሩ ከባድ ስለሆነ ከምግቡ ጋር አያልፍም፤ ውስጡ የማር እንጀራ በሚመስለው ትንሹ የሆድ ክፍል ቁጭ ብሎ ትንሽ በትንሽ ይሟሟል። አንድ ጊዜ አስውጠህ ለወራት ታርፋለህ። ጭድ እየበላች ለምትውል የእኛ ላም ይህ እንዴት ያለ ጸጋ ነው እያልኩ አስብ ነበር። አባቶቻችንስ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣውን ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ገዝተው ከብት የሚያልሱት፣ አሞሌውን በረት ውስጥ የሚያንጠለጥሉት ይህንኑ ፍለጋ አይደል?

ፍቅሬ ግን ሳላውቀው ወደ ንግድ ዞረ። የከሳች ላም ይዞ ለመጣ ሁሉ ቦለስ እሸጥ ጀመር። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ረግረግ የጉበት ትል አገር ነው። መንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረች ላም ሳይ የሚያስፈልጋት የትል መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም "ማዕድንም አንሷታል" እያልኩ ከላይ እጨምርበት ነበር። የራባትም ላም ትመጣለች። ለእሷ የሚሻለው የቦለሱ ዋጋ ፉሩሽካና ፋጉሎ ቢገዛበት ነበር። ይህን ለማንም አላልኩም። ሰው ከእኔ ዘንድ የሚፈልገው ከሳጥን የሚወጣ ነገር ነው፤ እኔም የምፈልገው ያንኑ ማውጣት ነበር።

እማማ ከከተማው በሞተር ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ አብሯቸው የቀረ ሴት ናቸው። ሀብታቸው ሻሼ ናት። ሻሼ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር ዲቃላ ላም ናት፤ በደህናው ጊዜ በቀን እስከ 16 ሊትር ትታለባለች። ሦስተኛዋን ልትወልድ ነበር። ያ ወቅት ለእማማ የተሰላ ወቅት ነው፤ በነቢያት ጾም ወተት ገዢ ስለሚጠፋ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ለገና ፍስክ ሲሆን ወተቱም ቅቤውም ዋጋ ያወጣል። ለበዓሉ የልጁን ልብስና የቤቱን ቆርቆሮ በዚህ ነበር ያሰቡት።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ልጁ ደወለ። "ዶክተር፣ ሻሼ ቀን ላይ ወለደች፤ አሁን ግን ወደቀች፤ አትነሳም።" ሞተሬን አስነሥቼ ወጣሁ። የዚያ አገር የኅዳር ሌሊት ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስደርስ እማማ በጋቢ ተጠቅልለው ላሟ ራስጌ ተቀምጠዋል። ዕጣን አጭሰውላታል፤ ጎረቤት "ዓይን ነው" ብሏቸዋል።

ያየሁት ነገር ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስል ነበር። ሻሼ አንገቷን ቆልምማ ራሷን ጎኗ ላይ ጥላለች። ጆሮዋን ስነካው በረዶ ነው። አፍንጫዋ ደርቋል፤ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። ጥጃዋ ከአጠገቧ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። የወተት ትኩሳት ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ትኩሳት የለውም፤ ሰውነት እንዲያውም ይቀዘቅዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር እንገር ውስጥ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። በላሟ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው በሙሉ ቢደመር ግን ከ3 ግራም ብዙም አይበልጥም። ብዙ ወተት ያላት ላም ስትወልድ ግቷ ከደሟ ይህን ያህል እየሳበ ይሞላል፤ አጥንቷ ያከማቸውን ለቅቆ እስኪተካ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በዚያ መሐል ጡንቻዋ ሁሉ ይዝላል። የአገራችን ላም አንድ ሁለት ሊትር ስለምትሰጥ ይህ ብዙ አያገኛትም። ዲቃላዋን፣ በተለይ ከሦስተኛ ወሊዷ ጀምሮ፣ ያገኛታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት፣ በደም ሥር፣ ጠርሙሱ ለብ ተደርጎ፣ ልቧን እያዳመጡ፣ በጣም በቀስታ። በዚህ እጄ ስንቷን አስነሥቻለሁ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ላሟ ታገሳለች፤ ጡንቻዋ ይርገበገባል፤ እበቷን ትጥላለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ ትቆማለች። በሙያችን ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ሳጥኔን ከፈትኩ። ጠርሙሱ የለም። የመጨረሻውን ባለፈው ሳምንት ተጠቅሜ አልተካሁትም። መደብሩ ውስጥ ግን መደርደሪያው ላይ ስድስት ጠርሙስ አለ። ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ። ላሟ አርባ ደቂቃ ትቆያለች፤ ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። በደረቷ አስቀምጠን በጭድ ከረጢት ደግፈናት ብሄድ ኖሮ ተመልሼ እደርስባት ነበር።

አልሄድኩም። እማማ በኩራዝ ብርሃን እጄን እጄን እያዩ ነበር። "ዶክተሬ፣ መድኃኒት አለህ አይደል?" አሉኝ። "አለ" አልኳቸው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የካልሲየም ቦለስ ነው።

የቦለሱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፦ መዋጥ ለማትችል ላም አይሰጥም። ሳይጻፍም ቢሆን አስተማሪያችን ደጋግሞ የነገረን ነገር ነው። ያ ቦለስ ገና በእግሯ ለቆመች፣ ጆሮዋ መቀዝቀዝ ለጀመረ፣ ለምትንገዳገድ ላም ነው፤ ለእሷ ግሩም ነገር ነው፤ ከመውደቅ ያድናታል። ለመዋጥ ጡንቻ ያስፈልጋል፤ ጡንቻውን ያዛለው ደግሞ ራሱ የካልሲየሙ እጦት ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ካልሲየም የቸገራት ላም ካልሲየሙን በአፏ መቀበል የማትችለዋ ናት። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ልጁ ራሷን ቀና አድርጎ ያዘልኝ። ጥርስ በሌለበት በአፏ ጎን ጣቶቼን አስገባሁ። ደህና ላም ጣት ሲገባባት ታላምጣለች፤ ምላሷን ታወናጭፋለች፤ እጅህን ለመትፋት ትታገላለች። ሻሼ ዝም አለች። ምላሷ ጣቴ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ሥጋ ተኝቷል። ይህ "ተው" ማለት ነበር። ቦለሱን ማስዋጫው ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቼ ወደ ጉሮሮዋ ገፋሁት፤ ለቀቅኩት። ከዚያ በግራ አንገቷ በኩል ሲወርድ ለማየት ኩራዙን አስጠጋሁ። የሚወርድ ነገር የለም። ጠበቅሁ። አሁንም የለም።

እዚህ ላይ እንኳ ማቆም እችል ነበር። እጄን ሰድጄ ማውጣት እችል ነበር። "ውኃ ስጡኝ" አልኩ። እንዲያንሸራትተው ብዬ በጠርሙስ ውኃ አፈሰስኩባት። ውኃው የት እንደሄደ ወዲያው ሰማሁት፤ ከደረቷ ውስጥ የሚንተከተክ ድስት ዓይነት ድምፅ መጣ። ደካማ ሳል አሳለች። እማማ "ዋጠችው?" አሉ። "ዋጠችው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙ አልጽፍበትም። የተዘጋ ጉሮሮ ማግሳት አይችልም፤ ሆዷ መነፋት ጀመረ። በግራ ጎኗ ትሮካር በሚባለው መውጊያ ወግቼ ነፋሱን አስወጣሁላት፤ ለጥቂት ጊዜ ተነፈሰች። ትንፋሿ ግን ከሳንባዋ አልጠራም። በመሐሉ ወደ ከተማ ሄጄ ጠርሙሱን ላምጣ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ አሁን ብሄድ "ታዲያ ቀድሞ ለምን አልሄድክም?" ይሉኛል ብዬ ቀረሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሞተች።

እማማ እሪ አላሉም። ጋቢያቸውን አውልቀው ጥጃዋን ሸፈኗት። ልጁን ጎረቤት ጥራ ብለው ላኩት፤ እሳቸውም እሳት ሊያነዱ ወደ ቤት ገቡ። እኔና ሻሼ ብቻችንን ቀረን። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርን ሰደድኩ። ቦለሱ ከምላሷ ሥር አልፎ ጉሮሮዋ መግቢያ ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ላዩ የተለበጠበት ስብ በከፊል ቀልጧል፤ አንድ ጎኑ እርጥብ ኖራ መስሎ ጣቴ ላይ የነበረውን ጭረት አቃጠለኝ። እኔን እንዲህ ያቃጠለኝ እሷን ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳደረጋት አሰብኩ። በጨርቅ ጠርጌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እማማ ሲመለሱ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "እማማ፣ ምን ላድርግ፤ ዘግይታችሁ ነው የጠራችሁኝ።"

ላሟን መግደሌን ስህተት ብዬ ልጠራው እችላለሁ። ይህን ቃል ግን ስህተት አልለውም። እማማ አልዘገዩም ነበር፤ ላሟ ወድቃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው ልጁ የደወለው። ለአሥራ አምስት ዓመት ከብት ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ከማንም ገበሬ ቀድመው ነው ያወቁባት። የሠሩትን ትክክለኛ ነገር ጥፋት አድርጌ መልሼ አሸከምኳቸው። እሳቸው ደግሞ አመኑኝ፤ ዶክተር ነኛ። የሌሊት አገልግሎት ብለው 200 ብር ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ቦለሱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ክሎራይድ ጠባዩ ከአየር ላይ እርጥበት መሳብ ነው። ቦለሱን በማግስቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፤ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የቀረው ፍርፋሪ ግን አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ስለብሰው ኪሱ ርሶ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ አጠበችው፤ ደረቀ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ስፌቱ እንደገና ረጠበ። ጃኬቱን ለሰው ሰጠሁት።

እማማ ከሻሼ በኋላ ላም አልገዙም፤ ጥጃዋን ከጎረቤት በተለመነ ወተት አሳደጓት። በየገበያው ሲያገኙኝ እኔን ያጽናኑኝ ነበር። "አንተ ምን ታደርግ፤ እኔ ነኝ ያዘገየሁህ" ይሉኛል። የማኅበራቸው ሴቶችም "ለስልክ ካርድ ሰስታ ላሟን ገደለች" ብለው እንዳሟቸው ሰማሁ። እኔም መሸጤን አልተውኩም፤ ቦለሱ ጥፋት የለበትም እያልኩ። እውነት ነው፣ የለበትም። በእግሯ ለቆመች ላም ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ላሟ ስትውጥ በአንገቷ ሲወርድ እያየሁ ዓይኔ እንባ ይሞላል፤ ባለቤቶቹ የጢስ ነገር ይመስላቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ እማማ ቤት ሄድኩ። ያቺ በጋቢ የተሸፈነች ጥጃ ላም ሆና፣ ራሷም ሁለት ጊዜ ወልዳ፣ በረቱ ውስጥ ቆማለች። እማማ ቡና ሊያፈሉልኝ ተነሡ። "እማማ፣ ይቀመጡ" አልኩና ነገርኳቸው። ጠርሙሱን፣ መደርደሪያውን፣ ቦለሱን፣ ውኃውን፣ ኪሴን። አንዱንም አላስቀረሁም። "ዘግይታችሁ ነው" ያልኩትን ስደርስበት ድምፄ ጠፋ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "አሟት ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

200 ብሩንና የላሟን ዋጋ የሚሆን ያጠራቀምኩትን ገንዘብ መደቡ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግስቱ ልጃቸው፣ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ መደብሩ ድረስ አመጣው። የመጣው ከመልእክት ጋር ነው፦ "እኔን ያሙኝ በማኅበሩ ፊት ነው። ብር አልፈልግም። በ12 የሚካኤል ጽዋ እኔ ቤት ነው፤ መጥቶ እዚያ ይናገር።"

ሄድኩ። ከሃያ የማያንሱ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች ነበሩ። ጽዋው ከተጠጣ በኋላ እማማ ወደ እኔ ዞረው በስሜ ጠሩኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ቆሜ "ሻሼን የገደልኩ እኔ ነኝ፤ እማማ በሰዓቱ ጠርተውኝ ነበር" ብዬ ጀመርኩ፤ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንዲት ወጣት ሴት፣ ዲቃላ ላም ያላት ትመስለኛለች፣ "ታዲያ እኛ ክኒኑን እንተወው ወይስ እንስጥ?" አለች። በእግሯ ቆማ የምትበላና የምትውጥ ላም ስትሆን ስጡ፤ ከወደቀች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ ጣት አፏ ውስጥ ሲገባ ካላላመጠች ምንም ነገር፣ ውኃም ቢሆን፣ በአፏ አታስገቡ፤ በደረቷ አስቀምጣችሁ ደግፉና ጠርሙስ ያለው ሰው ጥሩ አልኳት።

"የመጣው ሰው ጠርሙስ ከሌለውስ?"

"መልሱት፤ ሄዶ ያምጣ። እኔም ብሆን መልሱኝ። ቦለስ ላስገባ ብል እጄን ያዙኝ።"

እማማ ከማድጋው አጠገብ ሆነው "ሰማችሁ?" አሉ።